ፊውዘሩን የበላው ወረቀት

ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ከተቀጠርኩ ሦስት ወሬ ነበር። የሙያውን ቋንቋ ጨርሼ የያዝኩት መስሎኛል። ተማሪ «ሃርድ ፔፐር» ሲል ለሽፋን የሚሆነውን ወፍራሙን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። «ደስጣ» 500 ቅጠል ያለው እሽግ ነው። «80 ግራም» ሲባል ደግሞ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት እንጂ የአንዱ ቅጠል አይደለም። ኤ ፎር አሥራ ስድስት ቢደረደር አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል፤ ስለዚህ ቅጠሉ 5 ግራም፣ ደስጣው 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

አሠሪዬ እትዬ ይህችን ሂሳብ በቃላቸው ይዘዋታል። አዲስ አቅራቢ ከመጣ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ያስመጣሉ። ደስጣው 2.2 ኪሎ ገደማ ብቻ ከመዘነ «ይሄማ 70 ነው፣ ውሰድልኝ» ነው መልሳቸው። ክርክር የለም።

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አንድ አስጎብኚ መጡ። እንግዳ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልሱ ጎልማሳ ናቸው። በራሪ ወረቀት አሠርተዋል፦ ከላይ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል፣ ከታች «ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም» የሚል ማሳሰቢያ። ወረቀቱንም፣ የሚያብለጨልጨውን «ግሎሲ» የሚባለውን፣ ይዘው ነው የመጡት።

«ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው ልጄ። አንደኛ ግሎሲ!»

«ችግር የለም ጋሼ፣ አሁን ይደርሳል።»

እትዬ ምሳ ሄደዋል። እሽጉ ላይ በትልቁ «ኢንክጄት» ተብሎ ተጽፏል። አላየሁትም እንዳልል አይቼዋለሁ። የፋብሪካው ስም መስሎኝ ነው።

ትልቁ ባለ ከለር ሌዘር ማተሚያ ላይ ጫንኩት። የመጀመሪያው ቅጠል ገባ፤ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተኝ። የኋላውን በር ስከፍት ወረቀቱ ፊውዘሩ ላይ፣ ቀለሙን በሙቀት የሚያጣብቀው ጥቅል ላይ፣ ተጠምጥሟል፤ ያልታሰሰ ምጣድ ላይ እንደተጣበቀ እንጀራ። እዚህ ላይ ማሽኑን አጥፍቼ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ካቻቢቴ አነሳሁ።

የጥገና ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በምን ፋቅከው?» ብሎ ነው። ፊውዘሩን የጫረው ወረቀቱ አልነበረም።

ከዚያ ሳይቆጣ አስረዳኝ። ሌዘር የሚያትመው ቶነር በሚባል ዱቄት ነው፤ ቶነሩ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ቀልጦ ነው። ኢንክጄት ግን እርጥብ ቀለም ይረጫል እንጂ አይተኩስም። የፎቶ ወረቀቱ ቅባት የተሠራው ያንን ቀለም እንዲጠጣ ነው፣ ከሥሩም ስስ ፕላስቲክ አለው። ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል። ለሌዘር የሚሆን ግሎሲ ሌላ ነው፣ ሙቀቱን ይችላል። ስማቸው ግን ገበያ ላይ ያው «ግሎሲ» ነው።

ጣቱን በምራቁ አርሶ የአንዱን ቅጠል ጥግ ነካ። ጣቱ ተያዘ። ጥጉን ሲቀደው ጫፉ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተለጠጠ። «በቃ፣ ይሄን እያየህ ግባ» አለኝ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው።

በጣም ያበሸቀኝ ደግሞ ባለ ቀለም ታንከሯ ኤፕሰን ማተሚያ ክንዴን ብዘረጋ የምነካት ቦታ መሆኗ ነው። ኢንክጄት ናት። በራሪውን በእሷ አተምነው፤ የሥዕሉ ቀይና ቢጫ ፍክት ብሎ ወጣ። ጋሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። የፊውዘሩ ዋጋ ግን ከደሞዜ ሁለት ወር ተቆረጠ።

የተረፈውን ወረቀት «ለእናንተ ይሁን» ብለው ትተውልን ሄዱ። እሽጉ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። እትዬ በቀይ ማርከር «ሌዘር ውስጥ አይገባም» ብለው ጽፈውበታል። ከሥሩ የእኔን ስም ጨምረዋል።