ሳልጨብጠው የከፈልኩት ብድር

እኛ ደምበጫ አካባቢ ብድር ሲባል የማዳበሪያ ዕዳ ነው። አባቴ ጤፉ ሳይወቃ በፊት ለዕዳው ስንት ኩንታል እንደሚሄድ ያሰላል። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ስለ ብድር የሚያወራ ተማሪ አላገኘሁም። ሁላችንም ተበዳሪዎች ነበርን እኮ!

የወጪ መጋራት ውል፣ ማለትም ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ የትምህርትህን ወጪ ልትመልስ የምትገባው ውል፣ በየዓመቱ ይፈረማል። ተወካያችን ፎርሙን ክፍል ውስጥ ይበትነዋል። የእናት ስም፣ የተማርክበት ትምህርት ቤት፣ ምግብና መኝታ በዓይነት ወይስ በገንዘብ… አንዱ የጓደኛውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ በተዋሰው እስክሪብቶ ይፈርማል። የሚያነብ የለም። ነን-ካፌ የሆኑትማ፣ ካፌ ከመብላት ብሩን የመረጡት፣ በየወሩ የሚገባላቸውን ብር "የመንግሥት አበል" ነበር የሚሉት። ብሩ ያልቃል፣ ዕዳው ይቀራል።

አሠራሩ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶው በስምህ ይመዘገባል። ሥራ ስትይዝ ከወር ገቢህ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ከፍለህ ትጨርሳለህ። ደመወዝህ 9,000 ብር ቢሆን 900ው ሄደ ማለት ነው። ለመምህርነት የሠለጠነ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ይከፍላል።

ይህን ለአባቴ ስነግረው "ያልጨበጥከው ብር እንዴት ዕዳ ይሆንብሃል?" አለኝ። ዕዳ ከሜዳ መስሎት ነው። አልፈርድበትም፤ ዶርም ውስጥም ብዙው የሚያስበው እንደሱ ነበር።

እኔ የፈረምኩትን ሁሉ ፎቶ አንስቼ አስቀመጥኩ። በጀኝ። ተመርቄ ስቀጠር ውሉን ይዤ ራሴ ፋይናንስ ሄድኩና "ቁረጡልኝ" አልኳቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቀች። ሰው ከመቆረጥ ይሸሻል እንጂ ለምኖ አይቆረጥም ብላ ይሆናል። ግን ኦሪጅናል ዲግሪው ዕዳው ሳያልቅ አይሰጥም፤ በቴምፖራሪ፣ በጊዜያዊው ማስረጃ፣ ስንት ዓመት ይኬዳል?

ቦነስ ሲመጣ ከላዩ እየጨመርኩ ከፈልኩ። የከበደኝ ገንዘቡ አልነበረም፣ ወረቀቱ ነው። መሥሪያ ቤቴ የጥቂት ወራት ተቆራጭ ለገቢዎች ሳያስተላልፍ ቆይቶ ነበር። የደመወዝ ወረቀቶቼን ባልሰበስብ ኖሮ ድጋሚ መክፈሌ ነበር። ደመወዝህ ላይ "ተቆርጧል" ስለተባለ ብቻ አትተኛ፤ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ኮፒ በየጊዜው ጠይቅ።

ማስከፈሉ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። የገበሬ ልጅ መሬት ሳያስይዝ የሚማርበት ሌላ ብድር ከየት ያገኛል? የሚያናድደኝ ሲያስፈርሙ አለማስረዳታቸው ነው።

ዘንድሮ እህቴ ባሕር ዳር ገባች። ፎርሙ እጇ ላይ እንዳለ ደወለች።

"ጋሼ፣ ካፌ ልብላ ወይስ ብሩን ልውሰድ?"

"ሁለቱም ዕዳ ነው" አልኳት። "የሚያጠግብሽን ምረጪ፤ ግን መጀመሪያ ፎቶ አንሺው።"