«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል»

የአራት ዓመቱ ልጅ ቀኝ ጉንጩ አብጦ ጤና ጣቢያ ሲመጣ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ታዘዘለት፤ እብጠቱም ጎደለ። ከወር በኋላ ተመለሰ፤ ያው ሽሮፕ ተሰጠው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እብጠቱ ዐይኑ ሥር ደርሶ፣ ዐይኑ ሊከደን ምንም አልቀረውም፤ ትኩሳቱም 39 ነበር። ተረኛዋ ነርስ ሪፈር ጽፋ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ላከችው። ነገሩ ያለቀው የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ተነቅሎ መግሉ ሲወጣ ነው።

ሽሮፑ ያላዳነው ስለደከመ አይደለም። የጥርሱ ውስጥ አንዴ ከሞተ ደም አይዞርበትም፤ ደም ካልዞረበት መድኃኒትም አይደርሰውም። ጉንጭ ላይ የተዛመተው ይበርዳል፣ ምንጩ ግን እዚያው ተቀምጦ ቀን ይጠብቃል።

በኋላ ባለሙያዎቹ የልጁን ካርድ ሲያገላብጡ እናቱ አንድም ቀጠሮ አላጓደለችም። የ9 እና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት፣ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ክብደት፣ የክንድ ዙሪያ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ስለ አፉ አንድ ቃል የለም። አያስደንቅም፤ የታመመ ሕፃን ሲመጣ የሚጠየቀው ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ጆሮ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጀመሪያው ሐሳብ እንደተለመደው «ተራ ጠባቂዎችን እናስተምር» የሚል ነበር። የተሻለው ሐሳብ የመጣው ከክትባት ክፍል ነው፦ የቫይታሚን ኤ እንክብል ተቆርጦ ሲጨመቅ የልጁ አፍ ተከፍቷል፤ ጠብታውን ከዋጠ በኋላ ከንፈሩን ገልጦ ማየት ብቻ ነው የቀረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናትና ባለሙያ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ይዘረጋና ጭንቅላቱ ባለሙያው ጭን ላይ በጀርባው ይጋደማል። ጣት በጥርስና በጥርስ መካከል አይገባም፣ ይነከሳል፤ በከንፈርና በድድ መካከል ሸርተት ይላል። ፊት ለፊት ያሉት የላይኛ ጥርሶች በጎዝ ይጠረጋሉ። ይህ የሚዘለል አይደለም፦ ወተት ከሆነ ይለቃል፣ ጥርሱም ሲደርቅ ነው በድድ ጥግ ያለው ነጭ መስመር፣ የመቦርቦር ጅማሬው፣ ጎልቶ የሚታየው። መስመሩ ነጭ እስከሆነ ድረስ ጥርሱ ወደ ጤናው ሊመለስ ይችላል፤ ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ ጊዜው ለጥርስ ሐኪም ነው። በስልክ መብራት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ነጭ መስመር ያየች ነርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ሌሊት ጡጦ ነው። በእንቅልፍ ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ ጥርሱ ላይ ያድራል። «ሲስተር፣ የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ይወድቃል» ትላለች እናት። እውነት ነው፤ መንጋጋ ጥርሱ ግን የሚወድቀው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፣ እስከዚያ የሚያኝከው በሱ ነው።

ምክሩ አጭር ይሁን፦ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (የመጠን መለኪያ ነው) ፍሎራይድ፣ ጥርስን የሚያጠነክረው ማዕድን፣ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት የአተር ፍሬ ያህል፣ በቀን ሁለቴ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። ልጁ ይትፋ፣ በውሃ ግን አይጉመጥመጥ። የምትቦርሸው እናት ናት። መፋቂያ ለአዋቂ ያጸዳል፤ ፍሎራይዱን ግን አይተካም።

በስምጥ ሸለቆ፣ እነ ወንጂና መተሐራ አካባቢ፣ ነገሩ ይለያል። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የበዛበት ስለሆነ የትልልቅ ልጆች ጥርስ ሳይቦረቦር ይበልዛል። ይህ ሌላ ችግር ነው፤ እዚያ የሳሙናው መጠን እንዳይበዛና ልጁ እንዳይውጠው ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ግግ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው ገና ያልወጣውን ጥርስ «ትሉ ይኸው» ብለው ድዱን ሰንጥቀው የሚያወጡ አሉ። ከንፈር ገልጦ የሚያይ ባለሙያ ጠባሳውን ያገኘዋል፤ ከሁሉ በፊት ግን ጥርስ ማብቀያው ወር ላይ፣ በስድስተኛው ወር ቫይታሚን፣ «ያ እብጠት የሚበቅል ጥርስ ነው፣ ተቅማጡን በኦአርኤስና በዚንክ እናክመዋለን» ብሎ ለእናት ማሳየት ይቻላል።