ዳኛ ሲመረጥና ዳኛ ሲመደብ

በአሜሪካ የኮሌጅ ክርክር ውስጥ መጀመሪያ ተከራካሪ፣ ከዚያ ዳኛ፣ በኋላም ውድድር አዘጋጅ ሆኛለሁ። ከሁሉም እንቅልፍ የነሳኝ ዳኛ መመደብ ነው።

በፖሊሲ ክርክር፣ ማለትም መንግሥት አንድን ፖሊሲ ይከተል አይከተል በሚል በሚደረገው የክርክር ዓይነት፣ ሁለት ሁለት ሰው ያላቸው ቡድኖች ይገናኛሉ። ዋናው ንግግር 9 ደቂቃ፣ የመልሱ 6 ደቂቃ ነው። ብዙ ማስረጃ ለማስገባት ሲሉ በደቂቃ ከ300 ቃል በላይ የሚያነብቡ አሉ። ይህን ተከታትሎ መመዝገብ የሚችለው የለመደ ጆሮ ነው። ስለዚህ በብዙ ውድድሮች ቡድኖች አስቀድመው ዳኞችን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሩ ሁለቱም ቡድኖች ከፍ ያደረጉትን ዳኛ ፈልጎ ይመድባል።

አሠራሩን አልጠላውም። ተከራካሪ እያለሁ ገና አፌን ሳልከፍት ፊቱን ያጠቆረ ዳኛ ገጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ከዝርዝሩ ግርጌ ማውረድ መቻል ትልቅ እፎይታ ነው። በ2013 ሁለት የኤምፖሪያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ሁለቱንም ትልልቅ አገር አቀፍ ውድድሮች አሸነፉ። በአንድ ዓመት ሁለቱን የወሰደ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። እንደነሱ ከተለመደው ወጣ ያለ ክርክር ይዞ ለሚመጣ፣ ቢያንስ ጆሮ የሚሰጥ ዳኛ ማግኘት ወሳኝ ነው።

ችግሩን ያየሁት ምደባውን ራሴ ስሠራ ነው። ጠንካሮቹ ቡድኖች የሚገናኙባቸው ክፍሎች ውስጥ ያው ጥቂት ሰዎች ይዞራሉ። ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሰዓታት ነድታ የመጣች ዳኛ በሁለት ቀን አንድ ዙር ብቻ ዳኘች። የሚያውቃት ስለሌለ ታች አስቀመጧት፤ ስላልዳኘች ደግሞ ማንም ሊያውቃት አልቻለም። ተማሪዎቹም ለማያውቃቸው ሰው ማስረዳት ሳይማሩ ይመረቃሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

በሚቀጥለው ውድድር ከ6ቱ ዙሮች ሁለቱን ያለ ምርጫ ራሴ ልመድብ ወሰንኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። 6ኛው ዙር ላይ 3 አሸንፈው 2 የተሸነፉ ቡድኖች ተገናኙ። ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ዳኝታ የማታውቅ ሴት ብቻዋን አስገባሁ። ውሳኔዋን ማስረዳት አቃታት። የተሸናፊዎቹ አሰልጣኝ ተቆጣ፤ እሷ ደግሞ አለቀሰች። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ሁለቱንም ወገን ያለ ድጋፍ ትቻቸዋለሁ።

በዓመቱ የእኔን ምደባ ወደ 1ኛውና 2ኛው ዙር አመጣሁት። እዚያ የተሸነፈ ለማገገም ገና ጊዜ አለው። በየክፍሉ ሦስት ዳኞች አስቀመጥኩ፤ አንዱ የቆየ፣ ሁለቱ ከተለመደው ክበብ ውጭ የመጡ። ሳይመካከሩ ለየብቻ ይወስናሉ፣ አብላጫው ያሸንፋል። ከቡድኑ ጋር ዝምድና ወይም የቀድሞ አሰልጣኝነት ያለውን አስቀድሜ አወጣሁ። ለአዲሶቹ ዳኞች በዋዜማው ማታ ክርክርን በዓምድ በዓምድ መመዝገብ አሳየኋቸው። ከምንም በላይ የጠቀመው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ገባኝ። መልካቸውና ጾታቸው የተለያየ ሦስት ሰዎች መርጬ፣ ሦስቱም ከአንድ ዓይነት የክርክር ካምፕ የወጡ ሆነው ተገኙ። የሰሙት አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንነታቸውን ብቻ ሳይሆን የት እንደሰለጠኑም፣ ሥራቸው ምን እንደሆነም እጠይቃለሁ።

2ኛው ዙር ላይ ከሁሉ ፈጣኗ ተከራካሪ ከመጀመሯ በፊት ፍጥነቷ ይመቻቸው እንደሆነ ዳኞቹን ጠየቀች። አንዷ እንደማይመቻት ነገረቻት። ልጅቷ ግማሹን ማስረጃ አስቀምጣ ቀስ ብላ ተናገረች። 2 ለ 1 አሸነፈች፤ የተቃወመቻት ያቺው ዳኛ ነበረች። ለቀጣዩ ውድድር የደረጃ ዝርዝር ሲመጣልኝ የዚያችን ልጅ ቡድን ፈልጌ አየሁ። ዳኛዋን ሦስተኛ ላይ አስቀምጠዋታል።