የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች? የወፍ ፍልሰት ትምህርቴ እስካሁን

ካቻምና ወፍ ማየት ስጀምር የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አገራችን የሚመጡትን ተሰዳጅ ወፎች መለየት። የዘንድሮው ወቅት ስላለቀ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። በተለይ ገና ለምትጀምሩ ይሄ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ፦ እንግዳውን ለመለየት መጀመሪያ ቤተኛውን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመስቀል ወፍን እንውሰድ። በስንት ጊዜ አንዴ ብቅ የሚል ወዳጅ ሲመጣ "የመስቀል ወፍ ሆንክብን" እንላለን። በመስከረም መጥታ የምትሄድ ስለሚመስለን ነው። የመስቀል ወፍ የሚባለው ወፍ በየአካባቢው ይለያያል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያሳዩኝ ግን ጥቁር ሆኖ ጀርባው ላይ ደማቅ ቢጫ ያለበት፣ ሣር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ላባውን የሚነፋ ትንሽ ወፍ ነው። የወፍ መጻሕፍት "የሎው ቢሾፕ" ይሉታል። ይሄ ወፍ ባሕር አይሻገርም። ክረምቱ የመራቢያ ጊዜው ስለሆነ ወንዱ ሴቶቹን ለመሳብ ያጌጣል። መራቢያው ሲያልፍ ጥቁሩን ላባ ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ ጀርባው ላይ ያለው ቢጫ ግን አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ በመንጋ እህል ሲለቅም እያየነው ዝም ብለን እናልፈዋለን። ጠፋ የምንለው ወፍ እዚያው አጠገባችን ነው።

እዚያው ሜዳ ላይ በላሞች እግር ስር የምትሯሯጠው ቢጫ ወፍ ግን ሌላ ናት። የሎው ዋግቴል ትባላለች። ጅራቷን ከላይ ወደ ታች እያወዛወዘች ላሟ ስትራመድ ከሣሩ የሚነሱትን ነፍሳት ትለቅማለች። ከሳቢሳው ጋር ከብት ስለምትከተል ብዙ ሰው የዚሁ አገር ወፍ ያደርጋታል። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። የተፈለፈለችው ግን ምናልባት ፊንላንድ፣ ምናልባት ሩሲያ፣ ምናልባት ቱርክ ነው።

ዘንድሮ ብዙውን ጊዜዬን የሰጠሁት ለእሷ ነው። ቆላውን ዞሬ ብዙ ዓይነት ከማይ አንድ ሜዳ ላይ ደጋግሜ መሄድን መረጥኩ፤ በጣም ጠቀመኝ። በመስከረምና በጥቅምት ሲመጡ አብዛኞቹ የደበዘዙ ናቸው፣ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ጥር ሲጋመስ ወንዶቹ ላባ መቀየር ይጀምራሉ። ያኔ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። አንድ ላም ዙሪያ ካሉት መሃል የአንዱ ራስ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የአጠገቡ ራስ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ጆሮው አካባቢ ይጠቁራል። ሌላው ሰማያዊ ግራጫ ራስ አለው፤ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። ሆዳቸው ግን የሁሉም ቢጫ ነው። ጥቁር ራሱ ከባልካንና ከቱርክ እስከ መካከለኛው እስያ ባለው አገር ይራባል። ግራጫው ከስካንዲኔቪያና ከሰሜን ሩሲያ ነው። ነጭ ቅንድቡ የመካከለኛው አውሮፓ ነው። ሁሉም አንድ ላም ከበው ይበላሉ!

ከዚያ ማን መጀመሪያ እንደሚሄድ መከታተል ያዝኩ። የካቲት ሲያልቅ ጥቁር ራሶቹ እየሳሱ ሄዱ። ግራጫ ራሶቹ ግን ሚያዝያ ገብቶም ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የደቡቡ አገር በረዶ ቶሎ ይቀልጣል፣ ነፍሳቱም ቀድመው ይወጣሉ። ሰሜን ሩሲያ ግን ገና በረዶ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ የሚበላው የለም። ተመራማሪዎች ይህንን የአካሄድ ቅደም ተከተል ድሮም ያውቁታል። በራስ ዓይን ማየቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ቀን ባይኖኩላሬን ላም ላይ ደግኜ ቆሜ ከብት የሚጠብቁ አባት ጠጋ አሉኝና "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አሉኝ። ስለ ወፎቹ ነገርኳቸው። "እነዚህማ ዝናቡ ሲያባራ ይመጣሉ፣ ፋሲካ ሲያልፍ አታያቸውም" አሉ። መጽሐፉም ከዚህ የተለየ አይልም። ከዚያ ወዲህ የምሄድበት ቦታ ሁሉ እረኛና ገበሬ ሳልጠይቅ አልመለስም። ከብት ይዞ ሜዳ የሚውል ሰው የሚያስተውለውን እኛ በእረፍት ቀን ሄደን አናገኘውም።

ከተማ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ ጭልፊት አለላችሁ። ቄራ አካባቢ ወይም ሥጋ ቤት ባለበት ቀና በሉ። ዓመቱን ሙሉ የምናየው ጭልፊት ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ከመስከረም በኋላ ግን ምንቃሩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ጋ ብቻ ቢጫ የሆነ ይቀላቀላል። እሱ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ነው። ጥንቃቄ ግን አድርጉ። የእኛው ጭልፊት ጫጩት ሆኖ ምንቃሩ ጥቁር ስለሆነ ምንቃር ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም። ላባው ላይ የልጅነት ነጠብጣብ አለመኖሩንም እዩ።

ንስር ላይም ያው ነው። የስቴፕ ንስር ከካዛክስታን፣ ከሩሲያና ከሞንጎሊያ ይመጣል። ከእኛው ታውኒ ንስር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ተቀምጦ ካገኛችሁት አፉ ዳር ያለውን ቢጫ መስመር እዩ። የስቴፑ እስከ ዓይኑ ኋላ ጫፍ ይደርሳል። የታውኒው ዓይኑ መሃል ላይ ያበቃል። ይሄንን አንድ ጊዜ በደንብ ካያችሁ አትረሱትም።

ንስር ፍለጋ እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ በጠዋት መነሳት አያስፈልግም። እነዚህ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ አይሄዱም፤ ይደክማሉ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ወደ ላይ በሚወጣው አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይሉና ከዚያ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው የሚሻለው። ሰፊ ባሕር የማይሻገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባሕር ላይ ያ የሞቀ አየር የለም። ከአውሮፓ የሚመጣው ሽመላ ሜዲትራኒያንን ትቶ በቦስፎረስ ዞሮ፣ በእስራኤልና በሲና አልፎ፣ ዓባይን ይዞ የሚወርደው ለዚህ ነው። ከእስያ የሚመጡት ንስሮች ደግሞ ባሕሩ ጠባብ በሆነበት በባብ ኤል መንደብ ከየመን ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል። ከጅቡቲ ቀጥሎ ያለው የእኛ ሰማይ ነው።

ወፎች የት እንደሚሄዱ ሰው ያወቀበት መንገድም ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር ተሰክቶበት ተገኘ። ጦሩን ይዞ ነበር ያን ሁሉ አገር የበረረው። አሁንም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደርቆ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር ወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰር ጀመረ። በእኛ ዘመን ትንሽ መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ይታሰራል። በዚህ መንገድ ነው 25 ግራም ገደማ የምትመዝነው ዊትየር የምትባለው ወፍ ከአላስካ ተነስታ ምሥራቅ አፍሪካ ለመድረስ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደምትበር የታወቀው። ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው ይሄ!

ሁሉም ከሰሜን የሚመጣ አይምሰላችሁ። አብዲም የሚባለው ሽመላ ዝናብን ተከትሎ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ይመላለሳል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው ምድር በክረምት ይራባል፣ በበጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ለእሱ ገና በቂ ጊዜ አልሰጠሁትም። ጋምቤላ ሄጄ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ ወደ ደቡብ ሱዳን ሲሻገር ማየትም ትልቅ ምኞቴ ነው።

የሚያሳዝነኝን ሳልናገር አላልፍም። ጥንብ አንሳና ንስር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እያረፉ በገመድ ይሞታሉ። ከቡልጋሪያና ከቱርክ መሣሪያ ታስሮባቸው የሚመጡት ነጫጭ ጥንብ አንሳዎች አፋር ይከርማሉ፤ እዚያ የሚጠብቃቸው አደጋ አንዱ ይሄ ነው። ገመዱን በፕላስቲክ መሸፈን ብዙ ነፍስ ያድናል። ዋግቴሏም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ እኛ ጋ ናት። ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ እኛ ጋ የምታሳልፍ ወፍ ናትና እንግዳ ብቻ ማለት ይከብደኛል። የሱሉልታ ረግረግ በደረቀና በታጠረ ቁጥር እሷም ቤት እያጣች ነው።

ለሚቀጥለው ወቅት ያሰብኩት እንዲህ ነው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሬ የመጀመሪያዋን ዋግቴል ያየሁበትን ቀን እጽፋለሁ፤ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር፣ ኢበርድ ላይ (ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) ስለሚገባ። እናንተም በየአላችሁበት ጻፉ፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ባቱ፣ ደብረ ብርሃን፣ የትም ይሁን። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የወፉን ጭንቅላት ቀለም ብቻ። ከኅዳር በኋላ ትኩረቴን ወደ ክሬን አዞራለሁ። ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ ነው፤ ጣና ዳርና ቢሾፍቱ ይከርማል። ክሬን ወደ እኛ ሲመጣ እስራኤል ሁላ ሸለቆ ላይ ያርፋል። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ሁላ የሚደርስበትን ሰሞን ብትነግሩኝ ጣና ከሚደርስበት ጋር አስተያይቼ እጽፍላችኋለሁ።