«የጾም ነው» ብዬ ያቀረብኩት ሽሮ

ለትምህርት ወደ ህንድ፣ በተለይ ወደ ጉጃራት የምትሄዱ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንዲት ጾመኛ እናት ላይ ያደረስኩትን ባላደረስኩ ነበር።

ጊዜው መስከረም 2015 ነው። የጉጃራት ከተማ በሆነችው ቫዶዳራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምኖረው አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ቤት፣ ፎቅ ላይ በተከራየኋት ክፍል ነው። ማሲ ነው የምላቸው፣ በእነሱ ቋንቋ የእናት እህት ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ቤታ ይሉኛል፣ ልጄ እንደማለት።

የዚያ ዓመት የበዓላት ግጥምጥሞሽ ይገርም ነበር። እንቁጣጣሽ የዋለው ሂንዱዎች ሙታናቸውን በሚያስቡበት፣ ፒትሩ ፓክሻ በሚሉት ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። በእነዚያ ቀናት ሠርግ የለም፣ አዲስ ዕቃ አይገዛም፣ ቤት አይቀየርም። ቤት የምትከራዩ ከሆነ ከዚያ በፊት ጨርሱ፣ አለዚያ ብዙ አከራይ አይፈርምላችሁም። ከዚያ ናቫራትሪ ተከተለ። ለእናት አምላካቸው ለዱርጋ የሚያደርጉት የዘጠኝ ሌሊት በዓል ነው። የገባው መስከረም 16፣ ልክ በደመራችን ዕለት! በጨረቃ ስለሚቆጥሩ ቀኑ ይዘዋወራል። በቀጣዩ ዓመት ለምሳሌ ጥቅምት 4 ነው የገባው፣ ምክንያቱም አንድ ሙሉ ወር ጨምረው ነበር። እኛ ጳጉሜን በየዓመቱ እንደምንጨምር እነሱ በሦስት ዓመት ገደማ አንዴ ወር ይጨምራሉ።

ማሲ ዘጠኙንም ቀን ይጾማሉ። ያን ዓመት ደግሞ ስለት ነበረባቸው። ልጃቸው እርጉዝ ናት፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሸክላ ገበታ አፈር ሞልተው ገብስ ዘሩ። አጠገቡ መብራት አበሩ፤ ያ መብራት እስከ ዘጠነኛው ቀን መጥፋት የለበትም። ሌሊት እየተነሱ ቅቤ ሲጨምሩበት የእግራቸው ኮቴ እላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔም አብሬያቸው ልጹም ብዬ ወሰንኩ። በምግቡ ብቻ ነው፣ አምልኮው ውስጥ አልገባሁም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ጾሙ ለእኛ ሰው አስቸጋሪ ነው አልልም። ሳቡዳና የሚሉት ከካሳቫ የሚሠራ ነጭ ድብልብል ነገር አለ፣ ከድንችና ከኦቾሎኒ ጋር ያበስሉታል። ራጅጊራ የሚባል ደቃቅ ዘር አለ፣ ሳየው ጤፍ ነው የመሰለኝ፣ ዱቄቱን ቂጣ ይጋግሩታል። ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ተቸገርኩ፤ በእሳቸው ጾም እህል የለም፣ በእኔ ጾም ወተት የለም፣ የቀረኝ ድንች፣ ሙዝና ኦቾሎኒ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ጋርባ አለ፤ ብርሃን ያለበትን የተበሳሳ ገንቦ መሃል አድርገው እየዞሩ ይጨፍራሉ። ደመራን ስንዞር ያደገ ልጅ እግሩ ዝም አይልም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ስድስት ቀን ሙሉ የሳቸውን ምግብ በልቻለሁ። በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ መስከረም 22፣ በተራዬ ላብላቸው ብዬ ተነሳሁ። እናቴ የላከችው ሽሮ ነበረኝ። እንዲሁ ዘልዬ አልገባሁበትም፣ አስቤበታለሁ፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንደማይነኩ አውቃለሁ። ስንዴና ሩዝ እንደማይበሉም አይቻለሁ። ስለዚህ ሽንኩርት ሳልከትፍ፣ በዘይት ብቻ፣ ቀጠን አድርጌ ሠራሁት። የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የላከልንን መመሪያም ደግሜ አነበብኩት። በበዓሉ ሰሞን ለጎረቤት የምትሰጡት ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ይሁን፣ እሽግ ከሆነም አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ይሁን ይላል። ሽሮዬ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ለእኛ ደግሞ ከሽሮ በላይ የጾም ምግብ የት አለ?

ማሲ ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ከመብራቱ ፊት ለፊት። የራጅጊራ ቂጣ ጋግረዋል። ሽሮውን በትንሽ ሳህን አድርጌ አቀረብኩላቸው።

«ፋራሊ ነው?» አሉኝ። የጾም ምግብ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ ፋራሊ ነው። አገሬ በጾም የምንበላው ይህንን ነው» አልኳቸው።

ይህንን መልስ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። በውስጡ ያለውን ልንገርዎ፣ እርስዎ ይፍረዱ ማለት እችል ነበር። አዎ አልኩ።

ቂጣቸውን ቆርሰው ነከሩ። ደስ አላቸው፣ በጣም ይጣፍጣል አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛውን ቆርሰው እጃቸው ወደ ሳህኑ ሲሄድ «ከምንድን ነው የሚሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በኩራት «ቻና» አልኳቸው፣ ሽምብራ ማለት ነው።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ቂጣውን ቀስ ብለው ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ምንም አላሉም። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ተመልሰው መብራቱ ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ገብሱ በሰባት ቀን ስንዝር ያህል አድጎ ነበር፣ እሱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያ ጾም ጥራጥሬ እንደ እህል ነው፣ አይበላም። ስድስት ቀን ምስር አለመቅረቡን ልብ አላልኩም፣ ሳይጠይቁ ማየት ብቻ ይህን ያመጣል። በኋላ ክፍሌ ገብቼ ሳስበው ደግሞ ባሰኝ። ሽንኩርት አልጨመርኩም ብዬ ተመጻድቄያለሁ፣ ግን ሽሮው ከነቅመሙ የተፈጨ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም ቀይ ሽንኩርቱም ከነበርበሬው ውስጡ አለ። ጨውም አለ። ተራ ጨው እንኳ በጾሙ አይበሉም፣ ከድንጋይ የሚፈለጠውን ብቻ ነው የሚጠቀሙት። በአንድ ሳህን ስንቱን አፈረስኩባቸው። በማግስቱ ደግሞ ስምንተኛው ቀን ነው፣ ትልቁ ቀን።

ማታ ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። «ሳያውቁ ለሠሩት እናት አትቆጣም፣ ቤታ» አሉኝ። ግን በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሱም። አልነገሩኝም፤ የምድጃው አለመንደድ ነገረኝ።

መመሪያውን ያወጣው ቢሮ ሄጄ ይህ ይጨመር ብያለሁ። ጸሐፊው «ይህን እኮ ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አለኝ። ሁሉም ሰው ቢያውቀው መመሪያው ለምን ተጻፈ? በሚቀጥለው ዓመት ያው ወረቀት፣ ያው አረንጓዴ ነጥብ ተላከልን። አረንጓዴው ነጥብ ሥጋ የለበትም ማለት ብቻ ነው፣ የጾም ነው ማለት አይደለም። ያንን ወረቀት አትመኑት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለጾመኛ ጨርሶ አታብስሉ። ሙዝ፣ ፖም፣ ኮኮናት ይዛችሁ ሂዱ። የግድ ካበሰላችሁ «ጾም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጨውን፣ ዘይቱን፣ ቅመሙን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ጠይቁ። ከጎረቤት ያያችሁትንም ለሌላው አትውሰዱ። አንዱ በቀን አንዴ ይበላል፣ አንዱ ፍራፍሬ ብቻ ነው፣ አንዱ ሽንኩርት ብቻ ይተዋል። የኮልካታ ልጅ የሆነ የክፍሌ ተማሪ ደግሞ በዚያው ሰሞን ዓሣና የፍየል ሥጋ ይበላ ነበር፣ ለእነሱ የዱርጋ በዓል የድግስ ጊዜ ነው። አብራችሁ መጾም ካማራችሁ በኤካዳሺ ጀምሩ፤ በወር ሁለቴ ይመጣል፣ አንድ ቀን ነው፣ ብትሳሳቱም የራሳችሁ ጾም ላይ ነው የምትሳሳቱት። የተጠበሰ ድንች ብቻ እየበላችሁ ደግሞ አትሰንብቱ፣ እኔ ቃር ገድሎኛል።

የማሲ ልጅ በሰላም ተገላገለች። እስከዚያ ድረስ ግን እታች ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ጾሙ ሲፈታ፣ በዱሴራ ዕለት፣ ጉጃራቶች ጠዋት ፋፍዳና ጃሌቢ ይበላሉ። ጃሌቢ በሽሮፕ የተነከረ ጣፋጭ ነው። ፋፍዳ ደግሞ ረዘም ያለ ጥብስ ነው፣ የሚሠራውም ከሽምብራ ዱቄት ነው። ቀኑ መስከረም 25 ነበር፣ ረቡዕ። ማሲ በጠዋት በሬን አንኳኩ። ትሪ ይዘዋል፣ ትሪው ላይ ፋፍዳ ብቻ ነው።

«ጃሌቢውን ትቼዋለሁ» አሉኝ። «ባለሱቁን ጠየቅሁት፣ በቅቤ ነው የጠበስኩት አለኝ። ዛሬ ረቡዕህ አይደል?»