ጎንደር በጣና በኩል

ትናንት ከባሕር ዳር የተሳፈርንበት መርከብ ዛሬ ጎርጎራ አደረሰን። ከባሕር ዳር ጎንደር በአስፋልቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በግማሽ ቀን ጎንደር ይገባል። ግን በዚያ ብሄድ ደቅን የት አያት ነበር! እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለበት የጣና ደሴት ነው። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ተሳፋሪው ነው፦ እህል በጆንያ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ልጇን አዝላ ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት። ለእኛ ሽርሽር ነው፣ ለደሴቱ ሰው ግን መንገዱ ይኸው ውኃ ነው። ይህ መስመር እንዳይቋረጥባቸው ከልቤ እመኛለሁ።

ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሜ፣ ወደ ጎንደር በሚኒባስ፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የምትችሉ ሁሉ አንድ ጊዜ በዚህ ሂዱ። ስንቅና ጋቢ ግን አትርሱ፤ ሐይቁ ላይ ሲመሽ ይበርዳል።