ዓይን ማደሪያ አጣ

ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ስንማር ነው። መምህራችን ስለ ኢንፎግራፊክ (መረጃን በሥዕልና በቁጥር ስለሚያሳይ ገጽ) በሌክቸር ብቻ አላስተምርም ብለው በግሩፕ ከፋፈሉን። እያንዳንዱ ግሩፕ አንድ ገጽ ሠርቶ ያቀርባል፣ ሌላው ይተቻል። ሕጉ አጭር ነበር፦ አንድ ገጽ አንድ መልእክት፣ ቀለም ከሦስት አይበልጥ፣ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም በደንብ ይለይ፣ ለዓይን ማረፊያ ባዶ ቦታ ይተው። ሁላችንም ደብተር ላይ ጻፍነው። መጻፉንስ ጽፈነዋል።

ለእኛ የደረሰን ዓባይ ነው። ጎጃሜ ስለ ዓባይ አውርቶ በአንድ ገጽ ይጨርስ ተባለ እንግዲህ!

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ከናይል ውሃ 86 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ይሄዳል፣ 14ቱ ከነጭ ዓባይ ነው። ፓይ ቻርቱን፣ ድርሻውን በቁራሽ የሚያሳየውን ክብ፣ በእንጀራ ሠራሁት። የእንጀራው ዓይን ሳይቀር ተስሏል፣ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

የሰከላው ልጅ አየና «ግሽ ዓባይ የታል?» አለ። ምንጩ ካልገባ ከግሩፑ እወጣለሁ አለ። ገባ። የደጀኗ ልጅ በረሃውንና ሁለቱን ድልድዮች አመጣች፣ የድሮውንም አዲሱንም። የባሕር ዳሯ ጢስ ዓባይን ጨመረች፣ ከዚያ ጣናን፣ ከዚያ ጉማሬ። ጉማሬው ከግሽ ዓባይ ስለበለጠ የሰከላው ልጅ ግሽ ዓባይን አሳደገው። የቡሬው ልጅ ምንም አልጨመረም፤ ቀለም ብቻ ቀባ። ዘጠኝ ዓይነት።

የማቅረቢያው ቀን እኔ ተናጋሪ ሆንኩ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ በነጭ ላይ የጻፍነው ቢጫ ጽሑፍ ድራሹ ጠፋ። ላፕቶፑ ላይ እኮ ወርቅ ይመስል ነበር! እኔ ግን በቃሌ ስለያዝኩት በዱላ እያመለከትኩ «እዚህ ላይ እንደምታዩት...» እላለሁ።

«እኛ የምናየው ግድግዳ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

መምህሩ መነጽራቸውን ወለወሉ። «በገጹ ያላችሁ ባዶ ቦታ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም ጽሑፍ አለበት።»

ቀጥለው እንጀራዬን ቆጠሩ። ለካ ሌሊቱን የደጀኗ ልጅ የዓባይን የብቻ ድርሻ፣ 59 በመቶውን፣ ሌላ ቁራሽ አድርጋ ጨምራዋለች። 59ኙ 86ቱ ውስጥ ያለ ነው እኮ! 86፣ 14፣ 59።

«159 በመቶ» አሉ መምህሩ። «ከመቶ የተረፈው የማን ነው?»

«የግሽ ዓባይ ነው መምህር» አለ የሰከላው ልጅ፣ ፈጠን ብሎ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ሳቃቸውን ጨርሰው «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ሰምቻለሁ። የእናንተ ገጽ ላይ ማደሪያ ያጣው የእኔ ዓይን ነው» አሉና ሠርታችሁ ተመለሱ አሉን።

ማታውን መሰረዝ ጀመርን። ሰው የራሱን አይሰርዝም፤ የጎረቤቱን ግን በደስታ ነው። ጉማሬው ሄደ፣ ድልድዮቹ ሄዱ፣ እንጀራዬም ሄደ (እስካሁን ያንገበግበኛል)። በመጨረሻ ነጭ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ሰማያዊ 86 ቀረ። የሰከላው ልጅ ብቻ እግራችን ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ታች ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ፈቀድንለት።

በሳምንቱ አቀረብን። መምህሩ ዝም ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና ነጥቧን በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። ነጥቧ ጥፍራቸው ላይ ወጣች። መሐረብ አወጡ።

የሰከላው ልጅ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አይለቅም መምህር። ግሽ ዓባይ ነው።»